ዘይቱ የሚቀየረው ለየትኛዋ ማርያም ነው?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለይትባረክ አምባቸው
ናይሮቢ

ልጄ ይትባረክ፣ ዓይኔ፣

ደህንነትህን ባለፈው እሑድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንደዚያ አድርጎ የሚጮህ ሰው ሳንባው ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ደህና ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሲበርድ ጉልበቴ ትንሽ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል።

ደብዳቤ የጻፍሁልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ አንድ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ «እማዬ፣ ስሚኝ» ትለኛለህ፤ ሰምቼህ ስጨርስ ካርዱ ያልቃል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ኮሌጅ ውስጥ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስተይብ የኖርሁ ጸሐፊ ነኝ፤ አንድ ቀን የራሴን ብጽፍ አይበዛብኝም። የጎረቤታችን ልጅ ማህሌት ለስብሰባ ወደ እናንተ አገር ስለምትበር በእጅህ ታደርስልሃለች። ወረቀት መሀል ላይ አያቋርጡትም። እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

የመኪናዋን ቁልፍ ለአክስትህ ለየብርጓል አስረክቢ ብለሃል። አላስረክብም። መኪናዋ ትሸጥ ብለሃል። አትሸጥም። ይህን ከላይ ያደረግሁት የቀረውን ስታነብ በከንቱ ተስፋ እንዳትደክም ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። የጠቡ ሁሉ መነሻ እሱ ነውና።

«የቪትዝ የሞተር ዘይት በዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ ነው የሚቀየረው፤ አንቺ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበያ ነው የምትሄጂው፤ በየወሩ ዘይት የሚቀይርልሽ ሰው ሌባ ነው» ብለሃል። ከአፍህ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ልክ ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ ከአባትህ መነጽር ጋር መሳቢያ ውስጥ ነበርና አውጥቼ አነበብሁት። ዐሥር ሺህ ይላል። ነገር ግን አንተ የላይኛውን መስመር አንብበህ ዘግተኸዋል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ አቧራ ለሚበዛበት፣ ሙቀት ላለበት፣ አጭር አጭር መንገድ ለሚሄድ መኪና ግማሹ ነው ይላል፤ አምስት ሺህ ወይም ስድስት ወር። የእኔ መንገድ አጭር ነው። ከከተማ መውጣቱ እንደምታውቀው ሆኖ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንኳ ከወረድሁ ቆየሁ። ሞተሩ በወጉ ሳይግል የምሄድበት እደርሳለሁ። ግሎ የማያውቅ ሞተር ዘይቱ እርጥበት ይይዛል፤ እና ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ወሩ ይቆጠራል።

ባለጋራዡ አቶ ሀብተ ሥላሴም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ ዘይቱ ጠቆረ ብሎ ይደነግጣል፤ የሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል፣ ጠቆረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም አሉኝ። በየሦስት ሺው ይቀየር የሚባለውም የድሮ ሞተርና የድሮ ዘይት ልማድ ነው፣ ለእርስዎ መኪና ብክነት ነው አሉኝ። ዘይት የሚሸጡት ራሳቸው ሆነው ነው ይህን የሚሉኝ። ሌባ ብለህ የሰደብኸው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ስለዚህ በዘይቱ ነገር አንተም፣ መጽሐፉም፣ እሳቸውም አልተጣላችሁም። «ታዲያ በየወሩ ጋራዥ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለህ። ልንገርህ፤ አልደብቅህም፣ የምደብቅበትም ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ሐምሌ ነው። አባትህ ካረፈ ጀምሮ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ጊዜ አክስትህ «በስተርጅና መሪ!» ብላ ስትስቅ አንተም በስልክ አብረሃት ስቀሃል። ትስቁ እንደሆነ ሳቁ ብዬ ባትሪ አስገዛሁ፣ ሸራውን ገፈፍሁ፣ በአዲሱ ድልድይ ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ያለው የአቶ ሀብተ ሥላሴ ጋራዥ ደረስሁ። ከኋላዬ ስንት ባጃጅ ጥሩምባ እንደነፋብኝ አልነግርህም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ዘይቱን ቀየሩ። ሲጨርሱ የሞተሩን ክዳን ዘጉና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እንግዲህ ለማርያም ይምጡ» አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድሁ።

ማርያም ደግሞ በየወሩ ሃያ አንድ ናት። ነሐሴ ሃያ አንድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ መኪናዋን ከበራቸው ላይ አቆምሁ። ደንግጠው ወጡ።

«ምነው ደህና? ምን ሆነች?»

«ዘይቷን ነዋ! ለማርያም ይምጡ ብለውኝ የለ?»

ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ እኔ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። «ኧረ የኔ እመቤት! እኔ ያልሁዎ የጥሯን ማርያም ሰሞን ነው፤ አስተርእዮን! ስድስት ወር እኮ ነው። በየማርያሙ ዘይት ቢቀየር ሞተሩ ምን በወጣው!»

አፍሬ ልመለስ ስል፣ ከመጡማ ልየው ብለው ክዳኑን ከፈቱ። የዘይቱን መለኪያ መዘዙ፣ በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው ነክረው አወጡ፣ ወደ ብርሃን ያዝ አደረጉት። «ገና ነው» አሉ። ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። የደቅ ደሴት ቄስ ልጅ ናቸውና በማርያም ቀን መዶሻ አያነሡም፤ ዘይት ያያሉ፣ ጎማ ይነፋሉ፣ ከዚያ በላይ አይሠሩም። በሌላው ቀን ጆሮ የሚበጥሰው ጋራዥ በዚያን ቀን ጸጥ ያለ ነው። ዛፉ ሥር ተቀምጠን አወራን።

በመስከረምም ሄድሁ። አሁን ተሳስቼ አይደለም። ጥሯን እንደሆነ አውቄ፣ ዘይቱም ገና እንደሆነ አውቄ፣ በሃያ አንድ ጠዋት ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድሁ። እሳቸውም ለምን መጡ አላሉኝም። ክዳኑን ከፈቱ፣ መለኪያውን መዘዙ፣ «ገና ነው» አሉ፣ ወንበሩን ሳቡ። በጥቅምትም እንደዚሁ። በእነዚህ ወራት አንድ ጠብታ ዘይት አልተቀየረም። አንተ ስትደውል «የት ነበርሽ?» ትለኛለህ፤ «ዘይት ላሳይ ሄጄ» እልሃለሁ። ላሳይ ነው ያልሁህ፤ ላስቀይር ብለህ የሰማህ አንተ ነህ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፣ ልጄ።

ምን ታወራላችሁ በለኝ። ብዙ። እሳቸው በወጣትነታቸው የሐይቁን ጀልባዎች ሞተር ይጠግኑ ነበር። ጀልባ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለውም፤ ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው ዘይቱ የሚታሰበው። አንድ ጊዜ ደሴት ላይ ዘይት ቢያልቅባቸው አንዱ ባለ ጀልባ የምግብ ዘይት ጨምሮ ሊነሣ ሲል ደረሱበትና ማሰሮውን ከእጁ እንዴት እንደቀሙት ሲያወሩልኝ በሳቅ ፈረስሁ። እኔ ደግሞ የኮሌጁን ጉድ አወራሁላቸው። ስለ ሟች ባለቤታቸው አጫወቱኝ፣ ስለ አባትህ አጫወትኋቸው። ይትባረክ፣ አባትህ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል፤ እህቱ የብርጓልም ቤቴ ስትመጣ ለቅሶ እንደምትደርስ ነው። ከዚያ ዛፍ ሥር ስቀመጥ ግን ባል የሞተባት ሴት ብቻ አልነበርሁም። ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ጻፍሁት፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር ጽዮን ዓመታዊ በዓል ናትና ጋራዡ ዝግ ነበር። እንዲያው በዚያ ልለፍ ብዬ ስሄድ፣ እሱ ነጭ ለብሶ ከተዘጋው በር ላይ ተቀምጧል።

«እሱ» ብዬ ጻፍሁ? አዎ፣ አየሁት። ጸሐፊ ነበርሁና ስሕተት መሰረዝ አያቅተኝም። ይህን ግን አልሰርዝም።

«ዛሬ አይመጡም ብዬ ፈርቼ ነበር» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የአንተን ቁጥር ጠየቀኝ። ለምን ስለው መሬት መሬት እያየ፣ «ሰው ቤት ሽማግሌ ሳይላክ አይገባም። ናይሮቢ ድረስ ሽማግሌ ልላክ ብል የአውሮፕላኑ ነገር አይቻለኝም። እስቲ መጀመሪያ በስልክ ድምፁን ልልመደው ብዬ ነው» አለ። ፊቱን ሳይሆን ጫማውን ነበር ያየሁት፤ ቀና ብል ፊቴ ሁሉን ይናገራል። ቁጥርህን ነገርሁት። ስምህንም ፊደል በፊደል እየጠየቀ ጻፈው፤ ይትባረክ።

ወር ሙሉ ድፍረት ሲያሰባስብ ከረመ። ያልገባህ ይህ ነው። አክስትህ ደግሞ በወሬ አትሰንፍምና፣ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ባይ ናትና፣ «እናትህ ጋራዥ አበዛች፤ ሰውዬው በዘይት እየበላት ነው» ብላ ቁጥሩን ላከችልህ። አንተ ቀደምኸው።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ አጠገቡ ነበርሁ። የመኪናዋን ክዳን ከፍቶ መለኪያውን እንደያዘ ስልኩ ጮኸ። ስምህን አየ። «ኧረ ልጅዎ ነው!» አለኝ። መለኪያውን አስቀመጠ፣ እጁን ሁለት ጊዜ በጨርቅ ጠረገ፣ ኮቱን ቆለፈ። ይትባረክ፣ ስልክ ላይ እንደማታየው እያወቀ ለአንተ ኮቱን ቆለፈ። ሽማግሌ እንደሚያናግር ሰው ቀጥ ብሎ ቆመና «አቤት ልጄ!» አለ።

ያልኸውን ከተቀመጥሁበት ሆኜ ሰማሁት። «ሌባ» ስትል ሰማሁ። «ባል የሞተባት ሴት አገኘህ አይደል» ስትልም ሰማሁ። እሱ የመለሰልህ «እሺ... እሺ ልጄ... ይሁን» ብቻ ነው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። መለኪያውን ቦታው መለሰ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ በሌላ ጊዜ ሲዘጋው ድም ያደርገዋል።

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ከእንግዲህ መኪናዎን ሌላ ዘንድ ይውሰዱ። የጥሩንም ሌላ ዘንድ ያስቀይሩ። ልጅ ሌባ ብሎኝ ሳለ የእናቱን መኪና አልነካም።»

«ኧረ እኔ ልንገረው! ልደውልለት!» አልሁ።

«እርስዎማ እናቱ ነዎት፣ ይሰማዎታል። የተሰደብሁት እኔ ነኝ።»

በዚያው ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ስደርስ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ ለአንተ ብነግርህ ብነግርህ «እማዬ፣ አትሞኚ» ሆነ መልስህ። በከተራ ዕለት ጭራሽ ቁልፉን አስረክቢ አልኸኝ።

አሁን ደግሞ አክስትህ ሳትቀድመኝ የጥምቀቱን ልንገርህ። እሷ ስትነግርህ አብጦ ተነፍቶ ይደርስሃል፤ ከእኔ ስትሰማው ልክ በልኩ ነው።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብዬ አዲስ ቀሚስ አሰፍቼ ነበር። ታቦታቱ ከሐይቁ ዳር ሲመለሱ መንገዱ ዳር ከየብርጓል ጋር ቆሜያለሁ። ሰዉ ይጨፍራል። ሀብተ ሥላሴ ከደቅ ሰዎች ጋር እየዘመረ መጣ። አየኝና ዓይኑን ወዲያ መለሰ። አጠገቤ አንዲት ልጅ በሳህን ሎሚ ትሸጣለች። ምን እንደነካኝ አልልህም፤ የነካኝን አውቀዋለሁ። አንዱን አነሣሁና ወረወርሁበት። ደረቱን መታሁት።

በእኛ ወጣትነት ሎሚ የሚወረውረው ወንዱ ነበር፤ ሴቷ ያነሣችው እንደሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አንተን የሚያህል ልጅ ያላት ባልቴት ወረወረች ሲባል አልተሰማም። አሁን ተሰማ። ጎረምሶቹ ጮኹ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አክስትህ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!» አለች። መሬት ግን አልተከፈተችም፤ ሁላችንም እዚያው ነበርን።

ሀብተ ሥላሴ ሎሚውን እግሩ ሥር አየው። ጎንበስ ብሎ አነሣው። ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እኛ መጣና ለአክስትህ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ ለእኔ፦

«ልጅዎ ይደውልልኝ» አለ። «ከልጅ ጋር ተጣልቼ ቤት አልገባም። አባቴም እንደዚያ አላስተማረኝም። የምነግረውን ሰምቶ እንቢ ይበል፤ እንቢ ማለት መብቱ ነው። ሌባ ማለት ግን መብቱ አይደለም።»

«ባይደውልስ?»

ሎሚውን በእጁ አገላበጠው። «ባይደውል ሎሚውን አልመልስም» አለና ወደ ሰልፉ ገባ።

ይኸው ነው። ሌላ የተደረገ ነገር የለም፤ ተደረገ የምትልህ ካለች ዋሸችህ።

ልጄ፣ አንተን ያስቆጣህ ዘይቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዘጠኝ ወር የተሸከምሁህ እኔ ነኝ። አባትህ ቦታ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው ብለህ ነው ሆድህ የባሰው። አባትህን እኔም እወደው ነበር፤ አሁንም ከልቤ አልወጣም፤ ይህንን ሀብተ ሥላሴም ያውቀዋል፣ ቅር አይለውም። መኪናዋ ውስጥ አባትህ የነበረበት ቦታ ማን ተቀመጠበት ብለህ ግን ብትጠይቀኝ መልሱ አጭር ነው። እኔ ነኝ የተቀመጥሁበት። የምነዳው እኔ ነኝ። ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ መሪውን አይዝብኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። የብርጓል እናትህ አርጅታለች ስትልህ አመንሃት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መኪና ስለተማርሁ ሰው ልቧም ዞሯል ይላል። ልቤ የዞረው ወደ ቦታው ነው። ከአንተ የምፈልገው ገንዘብም ፈቃድም አይደለም። ፈቃድ የምጠይቅበት ዕድሜ አልፎኛል፤ የሚጠይቀው እሱ ነው፣ ያውም ለወጉ። እኔ የምለምንህ የሰው ስም እንድትመልስ ነው። ዓባይ ማዶ ሙሉ «የወይዘሮዋ ልጅ ሌባ አለው» ብሎ ያወራል። ስትሰድበው የጋራዡ ረዳቶች ቆመው ይሰሙ ነበር። የዘመኑን ሁሉ ልፋት በአንድ ስልክ አቆሸሽኸው፣ የምታጥበውም በአንድ ስልክ ነው።

አስተርእዮ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ናት። ዘይቱ አሁን በእውነት ደርሷል፤ መጽሐፉም ይላል፣ አንተም ብትቆጥረው ታገኘዋለህ። ሌላ ጋራዥ አልሄድም። ብትደውልለት፣ በዓልም ቢሆን ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘዋለሁ። ባትደውልለትም እሄዳለሁ። መኪናዋን በሩ ላይ አቆማለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ እቀመጣለሁ። አላፊ አግዳሚ ያየኛል፤ ይየኝ። አክስትህ ፎቶ አንሥታ ብትልክልህ አዲሱን ቀሚሴን እለብሳለሁና አታፍርብኝም።

እግዚአብሔር ከክፉ ሰው አንደበት ይጠብቅህ፤ የራስህንም አንደበት ይጠብቅልህ። እንጀራህ አይጉደል፣ ወጥተህ በሰላም ግባ፣ የሰው አገር ሰው ያድርግህ። እመቤታችን በምልጃዋ አትለይህ። ሚስት ላገባ ነውና ስሚኝ የምትለኝ ቀን ሲመጣ፣ እኔ የማላውቃትን ልጅ ሳላያት ስም እንደማላወጣላት ከአሁኑ ቃሌ ነው።

እወድሃለሁ። ተቆጥቼብህም እወድሃለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ሆድ ይገባል።

እናትህ
ፀሐይወርቅ

ሌላው፣ የሀብተ ሥላሴ ጆሮ በወጣትነቱ የጀልባ ሞተር ስለጎዳው ቀስ ብለው ሲያወሩት አይሰማም። ይቅርታውን ጮክ ብለህ በለው፤ ሌባ ስትለው የጮኽኸውን ያህል።